የጁሙዓ ማስታወሻ፦ ከደወል በኋላ ያለችው ሰዓት



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ዕድሜን የሰጠን፣ ጤናን ያለበሰን፣ ከሁሉም በላይ ኢስላምን የለገሰን እርሱ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

በዚህ ሳምንት ከዋጫ አንድ ጥያቄ ደርሶናል። ጠያቂው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ክበባት አሉ፦ የአካባቢ ጥበቃ፣ የቀይ መስቀል፣ ሚኒ ሚዲያ፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የሳይንስ። ጓደኞቹ ተመዝግበዋል። እሱን ግን ሦስት ነገር ያዘው። አንደኛ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና እየቀረበ ስለሆነ ጊዜ ማባከን እንዳይሆንበት ይፈራል። ሁለተኛ፣ የክበቦቹ አባላት አብዛኞቹ ሙስሊም ስላልሆኑ ዲኔን ይጎዳብኛል ብሎ ይሰጋል። ሦስተኛ፣ ከትምህርት በኋላ ቂርኣት አለበት፤ ቡና ሲደርስ ደግሞ ቤት ውስጥ እጁ ይፈለጋል። እና ከክበብ ብቀር አይሻለኝም ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። ከቦንጋም፣ ከጅማም፣ ከአዲስ አበባም በሌላ በሌላ ቃል ይመጣል። ስለዚህ የዛሬውን ማስታወሻ ለእሱ መልስ እናድርገው፤ እናንተም አብራችሁ ስሙ።

ወንድሜ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ፦ አትቅር። አንዱን ምረጥ፣ ኒያህን አስተካክል፣ ሶላትህን ይዘህ ግባ። ምክንያቱን ደግሞ አንድ በአንድ እንየው።

1. ያቺ ሰዓት ባለቤት አላት

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ-ሸርሕ መጨረሻ ላይ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ከአንዱ ጉዳይ ሲጨርሱ ለሌላው እንዲነሡና እንዲተጉ አዟቸዋል። የተፍሲር ዑለሞች ከምን ሲጨርሱ ለምን እንደሚነሡ የተለያየ ነገር ብለዋል። ከዱንያ ጉዳይ ወደ ዒባዳ ያሉ አሉ፤ ከፈርድ ሶላት ወደ ዱዓእ ያሉም አሉ። ሁሉም የሚገናኙበት ግን አንድ ነጥብ አለ፦ የሙእሚን ቀን ውስጥ ባለቤት የሌላት ሰዓት የለችም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ደግሞ ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ሁለት ጸጋዎች ጤናና ትርፍ ጊዜ እንደሆኑ ነግረውናል። ይህን ቡኻሪ ዘግበውታል። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ሰው በቂያማ ቀን ስለ ዕድሜው እንደሚጠየቅ፣ ስለ ወጣትነቱም ለብቻው እንደሚጠየቅ ተነግሯል። ልብ በሉ! ወጣትነት የዕድሜ ክፍል ነው። ስለ ዕድሜ መጠየቅ ብቻ በበቃ ነበር። ግን ወጣትነት ተለይቶ ወጣ፤ የራሱ ሒሳብ ተያዘለት።

እስቲ ሒሳቡን እኛም እንያዘው። ትምህርት ቤት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተለቀቀ እንበል። እስከ መግሪብ ወደ 3 ሰዓት ገደማ አለ። በሳምንት 5 ቀን 15 ሰዓት ይሆናል። 40 ሳምንት በሚሆን የትምህርት ዘመን 600 ሰዓት ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል 2,400 ሰዓት። ከዚህ ላይ ቂርኣቱን፣ ጥናቱን፣ የቤቱን ሥራ ቀንሱ። የተረፈው የት ነው የሚሄደው? መልሱን ታውቁታላችሁ። ፑል ቤት ደጃፍ ላይ፣ የቤቲንግ ትኬት ላይ፣ ጫት ላይ፣ ቲክቶክን ወደ ላይ ሲጠርጉ ነው የሚያልቀው። ሰይጣን ከናንተ ብዙ አይፈልግም። ያቺን ሰዓት ብቻ ከሰጣችሁት ሌላውን ራሱ ይጨምርበታል።

2. “ፈተና አለብኝ” ለሚል

ፈተናው ቀላል ነው አልልህም። ቁጥሩን አንተም ታውቀዋለህ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች፣ በ2014 ከመቶ 3.3፣ በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ከመቶ 8.4 ነበሩ። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይነግረናል።

አንዱ፦ አጥና! ክበብ የስንፍና መሸሸጊያ አይሁን። ክበብ አለብኝ እያለ ሒሳብ የማይሠራ ተማሪ ራሱን ነው የሚያታልለው። ትምህርትህ አማና ነው፤ አባትህ ቡና ሸጦ ደብተር የገዛልህ ለዚያ ነው። ከገጠር ቀበሌ መጥተህ ዋጫ ላይ ቤት ተከራይተህ፣ በየሳምንቱ ስንቅ እየተላከልህ የምትማር ከሆነ ደግሞ አማናው ይበልጥ ይከብዳል።

ሌላው፦ ራስህን በአንዲት ወረቀት ላይ ብቻ አታንጠልጥል። ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ተማሪዎች ያቺን ነጥብ አላመጡም። እነዚህ ሁሉ የማይረቡ ናቸው ማለት ነው? ሐሻ! አላህ ሪዝቅን በአንድ በር ብቻ አላስቀመጠም። ነገር ግን 12 ዓመት ሙሉ ከፈተና ሌላ ምንም ያልያዘ ልጅ፣ ውጤቱ በወጣ ቀን ባዶ እጁን የቀረ ይመስለዋል። ብዙ ወጣት በዚያች ሳምንት ከመስጂድ ሲርቅ፣ ከሰው ሲሸሽ፣ ወደ ሱስ ሲገባ አይተናል። በአንጻሩ ሰው ፊት ቆሞ መናገር የለመደ፣ ቁስል ማሰር የሚያውቅ፣ ችግኝ አፍልቶ ያሳደገ፣ ሕፃናትን ያስጠና፣ ኮምፒውተር ላይ እጁ የፈታ ልጅ፣ ቢያልፍም ባያልፍም የሚነሣበት ነገር አለው። ውጤት ቢነሳው እንኳ ችሎታውን የሚነሳው የለም።

ላለፈውም ቢሆን ይጠቅመዋል። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ያየነው ነገር ነው፦ ነጥባቸው ከፍ ያለ፣ ነገር ግን ክፍል ውስጥ ተነሥተው ሁለት ዐረፍተ ነገር መናገር የሚጨንቃቸው ልጆች ነበሩ። የቡድን ሥራ ሲሰጥ ከኋላ ይቀመጣሉ። ዕውቀቱ አላቸው፤ አንደበቱን ግን ማንም አላስለመዳቸውም። ያ ነገር የሚለመደው 10ኛና 11ኛ ክፍል ላይ ነው።

3. ሶሓቦች በናንተ ዕድሜ ምን ያዙ?

ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ.) እንይ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ዕድሜው 11 ዓመት ገደማ ነበር። ለበድር ሊወጣ ፈልጎ ገና ልጅ ነህ ተብሎ ተመለሰ። ዘመቻ ከለከሉኝ ብሎ ቤቱ አልተቀመጠም፤ በሚችለው በር ገባ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት፤ በግማሽ ወር ገደማ ውስጥ ተማረው። ደብዳቤ ይጽፍላቸው፣ የመጣውንም ያነብላቸው ጀመር። ቆይቶ አቡበክር (ረ.ዐ.) ቁርኣን አንድ ላይ እንዲሰበሰብ ሲወስኑ ለዚያ ታላቅ ሥራ የተመረጠው ይኸው ወጣት ነበር፤ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ። አያችሁ? በልጅነቱ የያዛት ችሎታ፣ ዑማው በጨነቀው ቀን ተፈለገች።

ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ በክር (ረ.ዐ.) ደግሞ አለ። ነቢዩና (ሰ.ዐ.ወ.) አቡበክር በሠውር ዋሻ በተሸሸጉባቸው ሌሊቶች፣ ይህ ንቁ ወጣት ቀን ቀን መካ ውስጥ ከቁረይሾች መሐል ይውላል፤ የሚመክሩትን ይሰማል፤ ሲመሽ ወሬውን ሳያዛባ ይዞ ዋሻው ድረስ ይሄዳል። እህቱ አስማእ (ረ.ዐ.) ስንቅ አዘጋጀች፤ ማሰሪያ ሲጠፋ መቀነቷን ለሁለት ሰንጥቃ አሰረችበት። የሂጅራ ታሪክ ላይ የወጣቶች እጅ እንዲህ ነው ያለው፦ አንዱ ወሬ ያመጣል፣ አንዷ ስንቅ ታስራለች።

ኡሑድ ላይ ራፊዕ ኢብኑ ኸዲጅና ሰሙራ ኢብኑ ጁንዱብ በዕድሜ ማነስ ሊመለሱ ነበር። ራፊዕ ቀስት ተወርዋሪ መሆኑ ሲነገር ተፈቀደለት። ሰሙራ ደግሞ ራፊዕን በትግል እንደሚጥለው ተነገረለት፤ እሱም ተፈቀደለት። ከዘመቻው በፊት የለመዱት ነገር ነው በር የከፈተላቸው። ስፖርት ጨዋታ ብቻ ነው ለምትሉም፣ ሐበሾች በዒድ ቀን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ ነቢዩ ከልክለው አላባረሩም፤ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከኋላቸው ሆና ስታይ ቆሙላት። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የታወቀ ነው።

የጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብን (ረ.ዐ.) ነገር ለኛ ለኢትዮጵያውያን ማን ይነግረናል! ቁረይሾች ስደተኞቹን ሊያስመልሱ ስጦታ ይዘው ነጃሺ ዘንድ ሲመጡ፣ የዚያ ሁሉ ሙስሊም ዕጣ በአንድ ወጣት አንደበት ላይ ወደቀ። ጀዕፈር ተነሣ። አልተሳደበም፣ አልተንቀጠቀጠም። ከኢስላም በፊት ምን እንደነበሩ፣ ነቢዩ ምን እንዳስተማሯቸው በቅደም ተከተል አስረዳ። ቁርኣን አንብብልን ሲባል ከሱረቱ መርየም አነበበ፤ ንጉሡም አለቀሰ። በዚያ ቀን ጀዕፈር አንደበቱ ባይፈታ ኖሮ ብለን እናስብ። እና ዛሬ የክርክር ክበብ፣ ሚኒ ሚዲያ፣ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ስትባል ምን አገባኝ ትላለህን?

4. “አባላቱ ሙስሊም አይደሉም” ለሚል

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይነት ሳይመጣላቸው፣ ዕድሜያቸው 20 ዓመት ገደማ ሳለ፣ በዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት በተደረገ ቃል ኪዳን ላይ ተገኝተዋል። ሒልፉል ፉዱል ይባላል። መነሻው አንድ የመን ነጋዴ መካ ላይ ዕቃውን ተወስዶበት ዋጋው መከልከሉ ነበር። የቁረይሽ ሰዎች ተሰብስበው፣ የተበደለ ማንም ይሁን ማን ከጎኑ ልንቆም ብለው ተማማሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኋላ ነቢይ ሆነው እንኳ ያንን ቃል ኪዳን አወደሱት፤ በኢስላም ዘመንም ወደ እሱ ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናገሩ። ከሙስሊም ካልሆኑ ሰዎች ጋር ለመልካም ሥራ መሰለፍ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

አላህም (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ 2ኛ አያ ሚዛኑን አስቀምጦልናል፦ በበጎ ነገርና በተቅዋ መተጋገዝ ታዘዝን፤ በኃጢአትና በወሰን ማለፍ መተጋገዝ ተከለከልን። እንግዲህ የክበቡን ሥራ በዚህ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ችግኝ መትከል፣ የታመመ መርዳት፣ ታናናሾችን ማስጠናት፣ የትምህርት ቤቱን ግቢ ማጽዳት በየትኛው ወገን ነው?

ካፋ ውስጥ ስትኖሩ ይህ የበለጠ ይገባችኋል። ከጎረቤታችሁ ጋር የምትጠጡት ውኃ አንድ ነው፤ ገበያው አንድ፣ ጫካው አንድ ነው። ጎረቤት ሲታመም ቃሬዛ የሚሸከመው ሁሉም ነው። ሙስሊም ልጆች ከትምህርት ቤቱ የጋራ ሥራ ሁሉ ሲሸሹ፣ ሌላው ተማሪ ሙስሊም ማለት ዳር የሚቆም ሰው መስሎት ያድጋል። የኢስላምን ምስል የሚያስተካክለው በብዛት የናንተ ምግባር ነው፤ አብራችሁ ስትሠሩ እንደማትዋሹ፣ የክበቡን ገንዘብ እንደማትነኩ፣ በቀጠሮ እንደምትገኙ ሲያዩ።

ድንበሩ ግን ይታወቅ። የክበብ ስብሰባ ሶላትን አያሳልፍም። ዐስር ወደ 10 ሰዓት ገደማ ይገባል፤ ያ ደግሞ ክበብ የሚሰበሰብበት ሰዓት ነው። የክበቡን ተጠሪ መምህር አስቀድማችሁ በአክብሮት ንገሯቸው፦ ጋሼ፣ ለሶላት ዐሥር ደቂቃ ያስፈልገናል በሏቸው። አብዛኞቹ መምህራን እሺ ይላሉ፤ ሳትነግሯቸው ተሰውራችሁ ስትጠፉ ነው የሚቆጡት። በሌላ ሃይማኖት የአምልኮ ሥርዓት ውስጥ አትሳተፉም፤ ሐራም ያለበትን ዘፈንና ጭፈራ በትሕትና ትተዋላችሁ። ወንድና ሴት ተነጥሎ ኸልዋ መሆን በጥናትም ስም ቢሆን አይፈቀድም። እነዚህን የያዘ ሰው ዲኑ በክበብ አይጎዳም፤ እንዲያውም ይፈተንና ይጠነክራል።

አንዳንዶች ቀይ መስቀል የሚለው ስም ይከብዳቸዋል። ምልክቱ የሃይማኖት ምልክት ሆኖ የተመረጠ አይደለም፤ በብዙ የሙስሊም አገሮች ያለው ቀይ ጨረቃም የዚያው ዓለም አቀፍ ንቅናቄ አካል ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከ1927 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ነው፤ አምቡላንሱ ምጥ የያዛትን እናት ሲያነሣ ሃይማኖቷን አይጠይቅም። ሰውን ማዳን የምትማሩበትን ቦታ በስሙ ምክንያት አትለፉት።

5. እዚያው ዋጫ ላይ ምን አለ?

አንዳንዱ ወጣት ዕድል ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ጨና ወረዳ ላይ ምን አለ ይላል። ወንድሜ፣ እስቲ ዙሪያህን ተመልከት።

ጫካው፦ የምትኖሩት ዓለም በሚያውቀው ቦታ ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም (2010 እ.ኤ.አ) በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በውስጡ ቡና በተፈጥሮው በቅሎ ይገኛል። ቡና ባሕር ተሻግሮ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፍዮች ለሌሊት ዚክር የሚነቁበት መጠጥ ሆኗል። ቦንጋ ላይ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ውስጥ ያለ ልጅ የዛፎቹን ስም ከአባቶች ይማራል፣ ችግኝ ማፍላት ይለምዳል፣ ለእንግዳ ማስረዳት ይችላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ ሲበላ ሰደቃ እንደሚጻፍለት ነግረውናል። ቂያማ ሊቆም ሲል እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው ከቻለ ይትከላት ብለዋል። በየክረምቱ ለአረንጓዴ አሻራ ስትወጡ ለፎቶ አትውጡ። የተከላችኋትን ችግኝ በበጋም ተመልሳችሁ እዩዋት፤ ሰደቃው የሚቀጥለው ስትጸድቅ ነው።

የመጀመሪያ እርዳታ፦ ደም ማስቆም፣ የተሰበረ ማሰር፣ የተቃጠለን ማከም በአንድ ክበብ ውስጥ ይማራል። ሐኪም ቤት በራቀበት ቀበሌ ይህ ዕውቀት ነፍስ ያተርፋል። አንዲትን ነፍስ ያዳነ ሰዎችን ሁሉ እንዳዳነ እንደሚቆጠር አላህ በሱረቱል ማኢዳ 32ኛ አያ ነግሮናል። ዕድሜያችሁ 18 የሞላና ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኞች ከሆናችሁ ደም መለገስም ትችላላችሁ።

ሚኒ ሚዲያ፦ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ በእረፍት ሰዓት የሚነበበውን የሚጽፈውና የሚያነበው ተማሪ ነው። ዜና አጣርቶ ማቅረብ እዚያ ይለመዳል። ፌስቡክና ቴሌግራም በሐሰት ወሬ በተሞላበት ዘመን፣ ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝን ሰዎች ከዚህ በላይ ማን ይቅደመን? በካፊኖኖና በአማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር ልጅ ደግሞ ሁለት ሕዝብ ያገናኛል።

ኮዲንግ፦ የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም በሐምሌ 2016 ዓ.ም ለ3 ዓመት ታቅዶ የተጀመረ ነው። በነጻ ነው፤ የፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ኮርሶች አሉት፤ ለጨረሰም ሰርተፊኬት ይሰጣል። ኔትወርክ ይቸግራል፤ አውቃለሁ። ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ የዳታ ጥቅል ተካፈሉ፣ የትምህርት ቤቱን የኮምፒውተር ክፍል አስከፍቱ። ለፊልም የምናወጣው ዳታ ለዚህ አያንስም።

ማስጠናት፦ ይህኛው ምንም አይጠይቅም። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆችን በሳምንት ሁለት ቀን ሒሳብና እንግሊዝኛ ቢያስጠና፣ ራሱ የረሳውን ያስታውሳል። ክረምት ላይ ደግሞ ከበጎ ፈቃድ አገልግሎት ጋር አያይዙት። ቦታ ከጠፋ መድረሳው አለ፤ ቁርኣን ከተቀራ በኋላ ያው ምንጣፍ ላይ ሒሳብ ቢሠራ መድረሳው ይባረካል እንጂ አይረክስም።

6. ቂርኣት፣ ቤት፣ ቡና

ቂርኣት አለብኝ ማለትህ ደስ ያሰኛል፤ አትተወው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአላህ ጥላ ሥር ከሚሆኑት 7 ሰዎች አንዱ በጌታው ዒባዳ ያደገ ወጣት እንደሆነ ነግረውናል። ግን ቂርኣትህ በየቀኑ ከሆነ ክበብህ በሳምንት አንድ ቀን ይሁን። ኡስታዝህን ፈቃድ ጠይቅና የዚያን ቀን ኪታብህን ከመግሪብ በኋላ አንብብ። ኡስታዞችም አደራ፣ ልጁ በጎ ሥራ ሊሠራ ሲጠይቅ ዱንያ ነው ብላችሁ አታሳፍሩት።

ለወላጅ መታዘዝ ከክበብ ይቀድማል። በጥቅምትና በኅዳር ቡናው ሲቀላ አባትህ ጫካ ገብቶ አንተ ስብሰባ ላይ ብትገኝ ኒያህ ምንም ያህል ቢያምር ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። ለክበቡ ተጠሪ አስቀድመህ ንገር፤ ለቀማው ሲያልቅ ተመለስ። ከወላጆችህ ጋርም ተነጋገር። ክበብ ሲባል ጨዋታ ይመስላቸዋል። አንድ ቀን የተማርከውን አሳያቸው፤ እናትህን ከምድጃ ስትቃጠል ምን እንደሚደረግላት ንገራት፣ ለአባትህ ችግኝ አፍላለት። ያኔ ሂድ የሚሉህ እነሱ ናቸው።

እህቴ፣ ያንቺ ደግሞ ይከብዳል። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ውኃው፣ ማገዶው፣ ወጡ ይጠብቅሻል። ወንድምሽ ኳስ ሜዳ ሲሄድ ማንም አይጠይቀውም። ወላጆች ሆይ፣ ሁለት ሴት ልጆችን በመልካም አሳድጎ ለአቅመ ሔዋን ያደረሰ ሰው ያገኘውን ብሥራት ሰምታችኋል፤ ከነቢዩ ጋር በቂያማ ቀን የሁለት ጣት ያህል መቀራረብ ነው። ከዚያ አስተዳደግ ውስጥ ለልጅቷ በሳምንት ሁለት ሰዓት መፍቀድም አለ። እህቴ አንቺም በምሳ ሰዓት የሚሰበሰብ ወይም ሳይመሽ የሚያልቅ ክበብ ምረጪ፤ ከጓደኛሽ ጋር ሂጂ፣ ከጓደኛሽ ጋር ተመለሺ። ሒጃብሽ ከመድረክ የሚያስቀርሽ ነገር አይደለም። አስማእ መቀነቷን የሰነጠቀችው ለዚህ ዲን አገልግሎት ነው።

7. ከነገ ጀምሮ

ለጠየቀኝ ወንድሜና ለሁላችሁም፦

— አንድ ክበብ ብቻ ያዙ። ሦስት ክበብ ተመዝግቦ አንዱም ላይ የማይገኝ ሰው ስሙን ብቻ ነው የበተነው። አላህ ዘንድ ከሥራ ሁሉ ተወዳጁ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ ተምረናል።

— ኒያችሁን አስተካክሉ። ሰርተፊኬት ቢገኝ መልካም ነው፤ ግን ለሰርተፊኬት ብቻ ከሠራችሁ የምታገኙት ያንኑ ወረቀት ነው።

— የክበቡን ሰዓት ከጥናት ላይ አትቁረጡ፤ ከስልክ ላይ ቁረጡ።

— 12ኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቅ ላይ ኃላፊነቱን ለ10ኛና ለ11ኛ ክፍል ታናሾቻችሁ አስረክቡና ሙሉ በሙሉ ለፈተና ግቡ። አስረክቦ መውጣትም ሙያ ነው።

— በትምህርት ቤታችሁ የምትፈልጉት ክበብ ከሌለ አምስት ሆናችሁ አንድ ፈቃደኛ መምህር ፈልጉ፣ ለርዕሰ መምህሩ ማመልከቻ ጻፉ። አሉ የምንላቸው ሁሉ አንድ ቀን የሆነ ሰው ጠይቆ የጀመራቸው ናቸው።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከአምስት ነገሮች በፊት አምስቱን ተጠቀሙ ሲሉ ከቆጠሯቸው ውስጥ ከእርጅና በፊት ወጣትነት፣ ከመጠመድ በፊት ትርፍ ጊዜ ይገኙበታል። ዛሬ ትርፍ ጊዜ አለኝ የምትሉት ቤተሰብ ስላልመሠረታችሁ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያቺን የ9 ሰዓት ተኩል ደወል ትናፍቋታላችሁ።

ያ አላህ! የወጣቶቻችንን ጊዜ ባርክላቸው። ዕውቀታቸውን የሚጠቅም፣ ሥራቸውን ተቀባይነት ያለው አድርግላቸው። ለፈተና የተቀመጡትን አግዛቸው፤ ውጤቱ ያላማረላቸውን ልባቸውን ጠግን፣ የተሻለውን በር ክፈትላቸው። በዋጫ፣ በቦንጋና በመላ አገራችን ያሉ ልጆቻችንን ለወላጆቻቸው የዓይን ማረፊያ፣ ለአገራቸውም መልካም ጎረቤት አድርጋቸው። ከሱስና ከከንቱ ወሬ ጠብቃቸው። አገራችንን ሰላም አድርግልን። አሚን።

ሱረቱል ካህፍ መቅራትን፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ሰለዋት ማብዛትን፣ ከመግሪብ በፊት ባለችው ሰዓት ዱዓእ ማድረግን አትርሱ። ይህን ማስታወሻ ክበብ ልግባ አልግባ እያለ ለሚያመነታ አንድ ጓደኛችሁ ላኩለት፤ ከቻላችሁም አብራችሁት ተመዝገቡ።

ጁሙዓ ሙባረክ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።